ባለማረስ የሚከፈልበት ማሳ

ኦቾሎ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ወንድም፣ ለእኔም እንደ ታናሽ ወንድም ለሆንከው ለበርናባስ፤ ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ።

የሰማይ አምላክ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርህ፤ መግቢያ መውጫህን ይባርክልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ወንድምህ ክንፉ ያረፈበትን ሦስተኛ ዓመት ባለፈው ሳምንት አስበን ዋልን። በጸሎቱ ላይ ያንተም ስም ተነሥቷል።

በስልክ ሳገኝህ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለህ ስለምትዘጋብኝ ይኸው በወረቀት መጣሁብህ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጠው ዙሁራ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሃለች። አንተም ለእሷ ጽፈህ ላክ፤ አትማ ትሰጠኛለች። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም።

አሁን ስማኝማ! ያልተሰማ ነገር መጣልን። ባለፈው ቅዳሜ ቀበሌው ሁላችንንም ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ዱቡሻ ላይ ጠራን። ከወረዳው ግብርና ኖላዊት የምትባል፣ ትምህርቷን ገና የጨረሰች ባለሙያ መጥታለች። ተነሥታ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ተዳፋት መሬታችሁን ማረስ ብታቆሙ መንግሥት ይከፍላችኋል።" ጎረቤታችን አቶ ካሱ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና፣ "ልጄ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ማረስ አልወድም፤ ያለፈውንም ይከፍሉኛል?" ሲሉ ዱቡሻው በሳቅ ፈረሰ።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። የእኛ ሸንተረር አፈር ዝናብ በመጣ ቁጥር እየታጠበ አባያ ይገባል፤ ሐይቁ ምን ያህል እንደቀላ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ባለመሬቱ እርከን ይሠራል፣ ደሾ ሣርና ዛፍ ይተክላል፣ ከብት አያስገባም። ሥራው ታይቶ በየዓመቱ የድጎማ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ለአምስት ዓመት! አስበው እስቲ፣ ማሽላ እንኳ አላበቅል ያለ ድንጋይ ደመወዝተኛ ሊሆን ነው።

ሰዉ ለመመዝገብ ይጋፋል። የታችኛው ማሳህም ደህና ነው፤ አሳብ አይግባህ።

እህትህ ሻሺቱ


ደርባን፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እናቴ ካረፈች ወዲህ በእሷ ቦታ ለማይሽ ለእትዬ ሻሺቱ፤

ሰላምሽ እንደ አባያ ይስፋ። ጉልበትሽን እግዚአብሔር ያጽናልሽ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። የአቶ ካሱን ነገር እዚህ ላሉት ያገር ልጆች ነግሬያቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

አሁን ደግሞ የእኔን ወሬ ስሚ። ቆመሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ተቀመጪ። ሎጅ ልንሠራ ነው! በታችኛው ማሳ ላይ! አባቴ ርስቱን ሲያካፍል "ለትንሹ ድንጋይ ደረሰው" ተብሎ የተሳቀብኝ ያ ማሳ ዛሬ ወርቅ ሆኗል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሸሪክ አግኝቻለሁ፤ ገንዘቡ የእሱ፣ መሬቱ የእኔ። ስምንት ጎጆ እንሠራለን። እንግዳው ጠዋት በሩን ሲከፍት ሐይቁ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ያገኘዋል። አንቺ የወጥ ቤቱ አዛዥ ትሆኛለሽ፤ ነጭ ቆብ አድርገሽ ስትቆጪ ከአሁኑ ይታየኛል። ንድፉን አሠርቼ ከአልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ፤ ማታም ጠዋትም አየዋለሁ።

የደርባኑ ሱቄ ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ ማሳውን ከላይም ከታችም ፎቶ አስነሥተሽ ላኪልኝ። ድንበሩን ለሚለካልሽ ሰው የሚሆን ገንዘብ በሁለት ሳምንት ውስጥ እልካለሁ። ለማንም ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ስሄድ ውክልና የሰጠሁሽ ከአንቺ በቀር የማምነው ሰው ስለሌለኝ ነው።

በርናባስ


ኦቾሎ፣ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለበርናባስ፤

ጌታ ያሰብከውን ሁሉ በጊዜው ያሳካልህ። የነጭ ቆቡን ነገር ሳነብ ዙሁራ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ደንበኞቿ ዞረው አዩኝ።

እዚህ መንደሩ ሁሉ ቆፋሪ ሆኗል። አሥራ ዘጠኝ አባወራ ነን፤ ከሸንተረሩ ጫፍ እስከ ታች እርከኑን በየተራ እየተረዳዳን ሠራነው። ወንዶቹ ድንጋይ ሲደረድሩ እኛ ሴቶች ደሾውን እየቆረጥን ተከልን። ችግኞቹን ግን ሽኮኮ እንዴት እንደሚወዳቸው ብታይ! በአንድ ሌሊት አርባ ችግኝ ላጩብን። አቶ ካሱ "እነዚህም ይመዝገቡና ይከፈላቸው፤ ከእኛ በላይ ይሠራሉ" አሉ። በመጨረሻ እሾህ አጠርንባቸው።

ከዚያ በኋላ ኖላዊት ከሁለት ሰዎች ጋር ሆና እርከኑን ለካች። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ክፍያ ገባ! ባንኩ ደጃፍ ላይ እልል ብንል ጥበቃው ሠርግ መስሎት "ሙሽራዋ የታለች?" አለ። ለእኔም ደረሰኝ። የሚያፈሰውን ጣሪያ በቆርቆሮ አስለወጥኩ፤ ዘንድሮ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ይዤ ከጥግ ጥግ አልሮጥም።

ፎቶ ባልከው መሠረት ልኬልሃለሁ። ሐይቁ በጣም ያምራል፤ በዚያ ጠዋት ጭጋግ አልነበረም።

እልካለሁ ያልከው ገንዘብ አልደረሰም። እንዳትቸገር ብዬ እንጂ ለመጠየቅ አይደለም።

እህትህ ሻሺቱ


ደርባን፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሻሺቱ፤

ጤና ይስጥልኝ። በጣሪያው ደስ ብሎኛል፤ ወንድሜ ቢያየው ምንኛ ደስ ባለው።

ሦስቱንም ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ሦስቱም ላይ ያለው ሐይቅ ነው። ማሳው የለም። የጠየቅሁሽ ማሳውን ነበር።

ሌላም አሳብ ገባኝ። ክፍያው ለተዳፋት መሬት ነው ብለሻል። ያንቺና የክንፉ ጓሮ ሜዳ ነው። ለየትኛው መሬት ነው የተከፈለሽ?

ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ሸሪኩ ግን እየተጣደፈ ነው፤ የይዞታ ደብተሩን ካላየሁ ብሏል። ፎቶ አንሥተሽ ቶሎ ላኪልኝ። ለመለኪያው ያልኩሽ ገንዘብ ለጊዜው አልተመቸኝም። እንዲያውም፣ ለመጻፍ እጄ እምቢ እያለኝ ነው እንጂ፣ ከደረሰሽ ላይ ትንሽ ብታበድሪኝ። ለአጭር ጊዜ ነው። እዚህ የባንክ ሥራ አንዳንዴ ይጓተታል።

ለሎጁ ስም አውጪለት፤ እኔ ሃያ ስም አስቤ አንዱም አልጣመኝም።

በርናባስ


ኦቾሎ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበርናባስ፤

አምላክ በያለህበት ሰላምህን ይስጥህ። አምስት ወር ዝም ያልኩህ ታምሜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። በሰኔ በዙሁራ በኩል የላክሁልህ ገንዘብ እንደደረሰህ ነግራኛለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲልክ የኖረ ሰው ድንገት ሲጠይቅ አንድ ነገር አለ አልኩ። አንተ ስላልነገርከኝ እኔም አልጠየቅሁህ። እኔም የደበቅሁህ ነበርና የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም።

የታችኛውን ማሳ አስመዝግቤዋለሁ። በውክልናህ ፈርሜያለሁ። የፈረምኩት ከዱቡሻው ስብሰባ በኋላ ሰኞ ዕለት ነው፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልህ ቀለሙ ደርቋል። አምስት ዓመት አይታረስም፣ ቤትም አይሠራበትም። ቆርቆሮው የተገዛው በእሱ ነው።

ለምን ሳትጠይቂኝ ብትል፣ እምቢ ትለኛለህ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ባበጅ ውሸት ይሆናል። ኖላዊት ካርታውን መሬት ላይ ዘርግታ ስታሳየን ያንተ ማሳ መሐል ላይ ነው። መሐሉ ክፍት ከሆነ ጎርፉ በዚያ ገብቶ የሁሉንም እርከን ይንደዋል፤ ስለዚህ ያንተ ካልገባ የአሥራ ዘጠኛችንም አይመዘገብም። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እሷ ደግሞ ከማሳው ግርጌ ያለው የደረቀው ምንጭ ሊመለስ ይችል ይሆናል አለች። እሱን እንኳ አላመንኳትም። ግን ፈረምኩ።

ያንተ የሎጅ ደብዳቤ ሲመጣ ደስታህን አይቼ አፌ ተያዘ። ያን ያህል ስትደሰት ካየሁህ ዘመን የለውም።

እህትህ ሻሺቱ


ደርባን፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሻሺቱ፤

ውክልና የሰጠሁሽ እንድትጠብቂልኝ ነበር።

ውሉ መውጫ አለው? ካለው አስወጪኝ። የወሰድሽውን እኔ እመልሳለሁ።

በርናባስ


ኦቾሎ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበርናባስ፤

ቁጣህ ደርሶኛል። ይገባኛል። መውጫውን ጠይቄ መልሱን ይዤልህ ነበር፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት የሆነውን ካልነገርኩህ እጄ አይታዘዘኝም።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት እንሰት እየፋቅሁ ሳለ አቶ ካሱ ከታች እየጮሁ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ከዘራቸውን ጥለው ሲሮጡ አስበው! ሰው ሞተ ብዬ ራሴን ይዤ ወጣሁ። እስከ ክርናቸው ጭቃ ናቸው። "ሻሺቱ! ሻሺቱ! ነይ!" ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላቸውም። ተከትያቸው ወረድኩ።

ምንጩ መጥቷል፣ በርናባስ! ከማሳህ ግርጌ፣ እንደ ድሮው ከድንጋዩ ሥር። መጀመሪያ እንደ እንባ ነበር። በእጃችን ስንጠርግለት የጣት ውፍረት ሆነ። በማግስቱ የክንድ ውፍረት ሆነ። በዚህ በደረቅ ወር! ከደረቀ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሴቶቹ በሰሙ ጊዜ ያለ ጀሪካን ነው ሮጠው የመጡት፤ ዝም ብለው ሊያዩት። አንዷ ፊቷን ነክራ አላወጣም አለች። ኖላዊት ከወረዳ መጣች፤ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ እየገለበጠች ለካችው። "በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው" አለች።

አሁን ወደ መውጫው። ባለይዞታው ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ራሱ ከፈረመ መውጣት ይችላል፤ በውክልና አይሆንም። የተከፈለው ይመለሳል። የመሐሉ ማሳ ከወጣ የሌሎቹም ውል ይፈርሳል። ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዙሁራ ልካልሃለች። መሬቱ ያንተ ነው። ያለ ፈቃድህ አንድ ጊዜ ፈርሜብሃለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም። አልለምንህምም።

እህትህ ሻሺቱ


አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሻሺቱ፤

ይህን የምጽፈው ከደርባን አይደለም። ከሴቻ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቶቹ ጀርባ ካለች ትንሽ ሆቴል። ከመጣሁ አራተኛ ቀኔ ነው። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢውና ከዚያ ተቆጪኝ።

ሸሪኩ ቲኬት ቆርጦልኝ ከአዲስ አበባ በመኪናው ይዞኝ መጣ። ቅጹ ኪሴ ውስጥ ነበር። ትናንት ወዲያ በማለዳ በላንቴ ቀበሌ በኩል ዞረን ወደ ማሳው ከታች ወጣን። እትዬ፣ የገዛ መሬቴን አላወቅሁትም! ደሾው እስከ ጉልበቴ ደርሷል። አባቴ የረገመው ድንጋይ ሁሉ ተደርድሮ እርከን ሆኗል። ንብ ሰማሁ፤ እዚያ ማሳ ላይ ንብ ሰምቼ አላውቅም። ምንጩ ጋ ስድስት ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ከስቻለሁ፣ ጢሜንም አሳድጌያለሁና አልለዩኝም። አንዷ "እንግዶች፣ ከፀሐዩ በፊት ጠጡ" ብላ በጣሳ ቀዳችልን። ጥርሴን እስኪያመኝ ጠጣሁ።

ሸሪኩ ከእኔ በላይ ተደሰተ። ትከሻዬን እየመታ፣ "ዕድለኛ ሰው ነህ! የውሃው ወጪ ቀረልን። ይህን አጥረን በፓምፕ ወደ ላይ እንስበዋለን" አለኝ።

"ሴቶቹስ?" አልኩት።

"ሌላ ቦታ ይቀዳሉ። እስካሁን ከየት ነበር የሚቀዱት?"

ከየት እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ምንጩ በደረቀ ዓመት እናቴ ያንን ዳገት ውሃ ተሸክማ ስትወጣ ሦስት ቦታ ቆማ ታርፍ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አምስት ቦታ ሆነ።

"አይሆንም" አልኩት።

"ምኑ?"

"ሎጁ።"

መጀመሪያ ሳቀ። የምሬን መሆኑን ሲያይ ሴቶቹ ፊት ሰደበኝ፤ መኪናውን አስነሥቶ እዚያው ትቶኝ ሄደ። ሙዝ ጫኝ አይሱዙ ለምኜ ወረድኩ። ትናንት ግብርና ቢሮ ሄጄ ኖላዊትን አገኘኋት። ስሜን ስነግራት ፊቷ ደነገጠ። "ቅጹን አመጡ?" አለች። "አመጣሁ፤ ሳልፈርምበት" ስላት ከወንበሯ ተነሥታ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ሱቅ የለኝም። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት ተዘርፎ ተቃጥሏል። ካንዱ ያገር ልጅ መጋዘን ውስጥ ስተኛ ነው የከረምኩት፤ ንድፉንም የለጠፍኩት እዚያ ነው። ሎጁን ያሰብኩት ባዶ እጄን ላለመመለስ ነበር። በሰኔ የላክሽልኝን በላሁት።

ትናንት ወዲያ ከምንጩ ቀና ብዬ ቆርቆሮሽ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። መውጣት አቃተኝ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ለወንድሙ ሚስት ነጠላ እንኳ ሳይዝ የሚገባ ሰው ምን ይባላል? ክንፉን እንኳ አልቀበርኩትም። የሆቴሉን የከፈልኩት እስከ ነገ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ሄጄ ሥራ እፈልጋለሁ። ዛሬ የገበያ ቀን ስለሆነ ይህን ዙሁራ ጋ ትቼልሻለሁ። ስላስቆጣሁሽ ይቅር በዪኝ።

በርናባስ


መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

በርናባስ!

ሰላምታና ምርቃቱ ይቆይ፤ በአፌ አደርሰዋለሁ።

ደብዳቤህ ትናንት ከገበያ በሚመለሱ ሰዎች እጅ ደረሰኝ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። አራት ቀን ሴቻ ተቀምጦ! ከዚያ የሸሪክህን ስድብ ስደርስበት ሳቄ መጣ፤ ያን ቀን ጣሳ የሰጠችህ ሴት "አንድ የከሳ ሰው አንዱን ባለመኪና አባረረው" ብላ መንደሩን ስታዞር ሰንብታለች። ማን እንደሆነ ግን ማንም አላወቀም። ለአቶ ካሱ ሳነብላቸው "የእኛው ነው! የእኛው ነው!" እያሉ ከቤት ቤት ዞሩ። ዱቡሻ ላይ የተሰበሰበውን ሰው ብታይ ገንዘብ የታደለ ይመስልሃል።

ነጠላ አልያዝኩም ትላለህ። ነጠላ አለኝ። ያልነበረኝ ዘመድ ነው። ክንፉ እስኪያርፍ ድረስ መድኃኒቱን የገዛው ማን ነው? እኔ አልረሳሁም፤ አንተ ግን ረስተኸው ከሆነ አስታውስሃለሁ።

እኔም የምለው አለኝ። ፊት ለፊት ስለማይወጣልኝ ነው የምጽፈው። ሳልጠይቅህ መፈረሜ ልክ አልነበረም። ውሃው መምጣቱ ያንን ልክ አያደርገውም። ይቅር በለኝ።

ሥራ ካልክ፣ አሥራ ዘጠኙ አባወራ ማሳውን የሚጠብቅና ችግኝ የሚያፈላ ሰው ሲፈልጉ ወር ሆኗቸዋል። ዛሬ ጠዋት ስምህን አንሥተው ሁሉም እጅ አወጡ። ደመወዙ ትልቅ አይደለም። ሁለተኛው ክፍያም ገብቷል፤ እሱን አልነካሁትም፤ ያንተ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ሰው ፈለግሁ፤ ሁሉም እኔ እኔ ብለው ሊጣሉ ሆነ። ስለዚህ ራሴ ይዤው ወረድኩ። የመጨረሻዎቹን መስመሮች የምጽፈው የሆቴልህ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጅቷ ክፍልህ ድረስ ይዛው ትወጣለች። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ብቻዬንም አይደለሁም፤ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ነው የመጣነው፤ አቶ ካሱም "ካልወረደ እኔ እወጣለሁ" እያሉ ነው።

ሻንጣህን ይዘህ ውረድ።

ሻሺቱ